አይጧ የረሳችው በስንት ሰዓት ነው?

የመገናኛ በዓላችን መጽሔት አዘጋጆች «ከሙያህ አንድ ታሪክ ጻፍልን፤ ግን ባዮሎጂ ያላጠናም ያንብበው» ሲሉኝ ብዙ አላመነታሁም። ለማንም ብነግር የማይሰለቸኝ አንድ ታሪክ አለ። ስለ አይጥ፣ ስለ ፍርሃትና ስለ ሰዓት ነው። ኢንጂነሮቹም ሕግ ያጠናችሁትም አትሽሹ፤ ቀመር የለበትም። ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሰዓቱን ግን በእኛው፣ ከንጋት በሚጀምረው አቆጣጠር። ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋል።

ነገሩ የሚጀምረው በ1957 ነው። ሊዮን ኬሚን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ያኔ የሚሠራው ካናዳ ውስጥ ነበር። ወዶ አልሄደም። በወጣትነቱ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበርና በማካርቲ ዘመን ተጠርቶ የጓደኞቹን ስም አልናገርም በማለቱ ተከሷል፤ በመጨረሻ በነፃ ቢሰናበትም በአገሩ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀጥረው ጠፋ። ከመካከላችን ይህን ዓይነት ታሪክ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሰው ያለ አይመስለኝም። በኋላ ተመልሶ ፕሪንስተን ገባ፤ በ1974 ደግሞ የማሰብ ችሎታ በዘር የሚወረስ ነው የሚባልባቸው ታዋቂ የመንታ ልጆች ቁጥሮች አጠራጣሪ መሆናቸውን ያጋለጠ መጽሐፍ ጻፈ። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በዚያ ነው። እኔ ግን የማስበው አይጦቹን ነው።

ኬሚን የተጠቀመበት ሣጥን ለሁለት የተከፈለ ነው። ምልክት ይሰማል፤ አይጧ ቶሎ ብላ ወደ ማዶ ካልተሻገረች ወለሉ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይለቅባታል። ከተሻገረች ግን ተረፈች። ኬሚን አይጦቹን በደንብ አላስተማራቸውም፤ ሆን ብሎ ትምህርቱን በግማሽ አቋረጠው። ከዚያ በቡድን በቡድን ከፍሎ አንዳንዶቹን ወዲያው፣ ሌሎቹን ከአንድ ሰዓት፣ ከስድስት ሰዓት፣ ከአንድ ቀን፣ ከዚያም ከብዙ ቀናት በኋላ ወደ ሣጥኑ መለሳቸው። መርሳት ማንም እንደሚገምተው ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ቁልቁለት ይሆን ነበር፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ትዝታው እየደበዘዘ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ወዲያው የተፈተኑት ጎበዞች ናቸው። ከአንድ ሰዓት ጀምሮ የተፈተኑት ያልተማሩ ይመስላሉ። በማግሥቱ የተፈተኑት ደግሞ እንደገና ጎበዞች! ወረቀቱ ላይ የወጣው መስመር ቁልቁለት ሳይሆን ሸለቆ ነው።

ይህ እንግዲህ «የኬሚን ክስተት» ተብሎ በመማሪያ መጻሕፍት ገባ። ማብራሪያው በዝቶ ነበር። አንዳንዱ «ፍርሃቱ እስኪበስል ጊዜ ይወስዳል» አለ፤ ሌላው ከድንጋጤው በኋላ የጭንቀት ሆርሞን ስለሚወርድ ነው አለ። በእኔ አስተያየት ትልቁን እርምጃ የወሰደው ኖርማን ስፒር ነው፤ በ1970 አካባቢ «አይጧ አልረሳችም፤ ማውጣት ነው ያቃታት» የሚል ክርክር አቀረበ። ትዝታው ጎተራው ውስጥ አለ፤ በሩ ነው የተዘጋው። ይህንንም የሚደግፍ ነገር ተገኘ፦ ስቲቨን ክላይን ከፈተናው በፊት አይጦቹ በጭንቀት ጊዜ ሰውነት የሚያመነጨው ዓይነት ሆርሞን እንዲያገኙ ሲያደርግ፣ በሸለቆው ሰዓት የጠፋው ትምህርት ብቅ አለ። የጠፋ ነገር በመርፌ አይመለስም። የነበረ ነገር ነው የሚመለሰው።

ይሁንና ኬሚን፣ ስፒርም፣ ክላይንም አንድ ነገር አልጠየቁም። ሸለቆው አንድ ብቻ ነው ወይ? ኬሚን በስድስት ሰዓትና በሃያ አራት ሰዓት መካከል ሣጥኑን ከፍቶ አላየም። ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም፤ በዚያ ሰዓት ሰው ቤቱ ነው፣ ተኝቷል። ላቦራቶሪው ተቆልፏል።

ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያዩት በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የነበሩት ፍራንክ ሆሎዌይና ሪቻርድ ዋንስሊ ናቸው። የተጠቀሙበት ፈተና ከኬሚን ይቀላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ነው። የዚህ ፈተና የተለመደው መልክ እንዲህ ነው፦ አይጥ ብርሃን አትወድም፤ ብርሃን ያለበት ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ ወደ ጨለማው ጥግ ትገባለች። እዚያ ስትገባ አንድ ጊዜ እግሯን ንዝረት ይይዛታል። አለቀ፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። ሌላ ቀን ስትመለስ ወደ ጨለማው ለመግባት ስንት ሰኮንድ እንደምታቅማማ ይለካል። ብዙ ካቅማማች ታስታውሳለች፤ ሰተት ብላ ከገባች ረስታለች።

ሆሎዌይና ዋንስሊ በ1973 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ አጭር ነው። አይጦቹን ከሩብ ሰዓት ጀምሮ እስከ ሦስት ቀን ድረስ በየስድስት ሰዓቱ ልዩነት ፈተኗቸው። ሩብ ሰዓት ላይ ያስታውሳሉ። በስድስተኛው ሰዓት የኬሚን ሸለቆ አለ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ሰዓት ያስታውሳሉ። በአሥራ ስምንተኛው ረሱ። በሃያ አራተኛው አስታወሱ። በሠላሳኛው ረሱ። እንዲህ እያለ ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ማዕበል ይወጣል ይወርዳል! ኬሚን ያየው ሸለቆ ብቻውን አልነበረም፤ የአንድ ሰንሰለት መጀመሪያ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዱን ሸለቆ ብቻ ሲያብራሩ ኖረው፣ ከኋላው ሌላ ሸለቆ መኖሩን ያወቀ አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር። ትምህርቱ በምንም ሰዓት ይሰጥ፣ አይጧ ስድስት ሰዓት ስትቆይ «ደካማ ናት»፣ አሥራ ሁለት ስትቆይ «ጎበዝ ናት» መባሉ ማለት፣ እንስሳዋ ውስጥ ንዝረቱ የያዛትን ሰዓት የመዘገበ ነገር አለ ማለት ነው። ቦታውን ብቻ አይደለም ያስታወሰችው። «መቼ» የሚለውም አብሮ ተጽፏል። ለምን በየአሥራ ሁለት እንጂ በየሃያ አራት ሰዓት አልተመለሰም የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሙያው ውስጥ ያለነውን እስካሁን ያከራክረናል።

የሰዓቱ መዝጋቢ የት ነው የሚቀመጠው? በዚሁ ዘመን፣ በ1972፣ ሁለት ቡድኖች ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ላይ ደረሱ። ሮበርት ሙርና ቪክተር አይክለር በቺካጎ፣ ፍሬድሪክ ስቴፋንና ኧርቪንግ ዙከር በበርክሌይ። በአንጎል ሥር፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት በላይ፣ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ነገር አለች፤ ስሟ ረጅም ነው፣ ሱፕራኪያዝማቲክ ኒውክሊየስ ይሏታል። እኔ ለዚህ ጽሑፍ «ሰዓቷ» እላታለሁ። እሷ ስትጎዳ የአይጥ ቀንና ሌሊት ይደባለቃል፤ ውኃ መጠጣቱ፣ መሯሯጡ፣ የሆርሞኑ መውጣትና መውረድ ሁሉ ሥርዓቱን ያጣል። ስቴፋን ከዚያ ፍሎሪዳ ሄዶ በ1978 ከኮቫቼቪች ጋር ሆኖ ሁለቱን ታሪኮች አገናኘ። ሰዓታቸው የተጎዳባቸውን አይጦች ወስዶ የሆሎዌይና ዋንስሊን ፈተና ሰጣቸው። ማዕበሉ ጠፋ። ሸለቆው የለም። አይጦቹ በየትኛውም ሰዓት ቢፈተኑ ያስታውሳሉ።

አስተውላችኋል? ሰዓቷ ስትጠፋ ትዝታው አልጠፋም፤ እንዲያውም መርሳቱ ነው የጠፋው። ስለዚህ ያን ሸለቆ የሚቆፍረው ራሱ ሰዓቱ ነበር ማለት ነው። በየቀኑ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘበኛ ነበር፤ ዘበኛው ሲባረር በሩ ክፍት ሆኖ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ሃያ ዓመት ያህል እንደ ክረምት ወንዝ ደፍርሶ ቆየ። አንዱ ላቦራቶሪ ያገኘውን ሌላው አያገኘውም፤ የአይጡ ዘር፣ የመብራቱ ሁኔታ፣ የንዝረቱ መጠን ሁሉ ውጤቱን ይለውጣል። በዚያው ጊዜ ውስጥ ሌሎች የሰዓቱን ጂኖች ከዝንብ ጀምረው አንድ በአንድ ለቀሙ፤ በ2017 ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ ኖቤል የተሸለሙበት ሥራ ነው፤ እሱ የራሱ መጽሔት ይፈልጋልና አልፈዋለሁ። ለእኛ ታሪክ የሚጠቅመው አንድ ውጤት ብቻ ነው፦ እነዚህ ጂኖች የሚሠሩት በሰዓቷ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በመላ አንጎል ነው። ትዝታን በሚያዘጋጀው ሂፖካምፐስ ውስጥ ሰዓት አለ። ፍርሃትን በሚያከብደው አሚግዳላ ውስጥም ሰዓት አለ። የሞንትሪያል ተመራማሪዎች በ2005 ያሳዩት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፤ አሚግዳላ ራሱ ሁለት ክፍሎቹ ተቃራኒ ሰዓት ይዘዋል፤ የአንዱ ፕሮቲን ሲወጣ የሌላው ይወርዳል።

አሁን ቃል የገባሁትን ልፈጽም። ይህን የሚያጠኑ ሰዎች ቀኑን የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት አይደለም። አይጦቹ ክፍል ውስጥ መብራቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይበራል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጠፋል። መብራት የበራበት ቅጽበት ዜሮ ይባላል፤ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይሄዳል። ስሙን ያወጡት ጀርመኖች ናቸው፤ «ጊዜ ሰጪ» እንደማለት ነው፤ ቃሉን ያስተዋወቀው ዩርገን አሾፍ ነው። እንግዲህ ንጋት ላይ መብራቱ ቢበራ፣ በእነሱ ቁጥር አንድ የሚባለው በእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፤ በእነሱ አሥር የሚባለው በእኛ አሥር ሰዓት ነው። የውጭ አገር ተማሪዎች ይህን አቆጣጠር ለመልመድ ሲቸገሩ አይቻለሁ። እኛን እናቶቻችን ናቸው ያስተማሩን።

ስለዚህ በዚህ አቆጣጠር ልቀጥል። በ2002 ዲፔሽ ቻውዱሪና ክሪስቶፈር ኮልዌል በሎስ አንጀለስ ትንንሾቹን አይጦች ድምፅና ንዝረት አጣምረው አስተማሯቸው። የፈራች አይጥ ድርቅ ብላ ትቆማለች፤ ያ ነው የሚቆጠረው። ያገኙት ነገር ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። አይጥ የሌሊት ፍጡር ናት፤ ንቁ የምትሆነው ሌሊት ነው፤ ታዲያ ሌሊት ቶሎ ትማራለች ብለን አንጠብቅም? ፍርሃትን ግን ቶሎ የተማሩት በቀን፣ በሚያንቀላፉበት ጊዜ ነው። የተማሩትን ማሳየቱም በቀጣዮቹ ቀናት ከፍ ዝቅ ይል ነበር። መብራቱን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው በጨለማ ሲያቆዩአቸውም ከፍ ዝቅ ማለቱ ቀጠለ፤ ስለዚህ ብርሃን አልነበረም ምክንያቱ፣ የውስጥ ሰዓት እንጂ። መንገድ ፈልጎ ማግኘትን በመሰሉ ሌሎች ትምህርቶች ግን አይጦች በጨለማው ጊዜ የበለጡባቸው ሥራዎች አሉ። የምትማረው ነገር ዓይነት ሰዓቱን ይመርጣል ማለት ነው።

በ2008 በሲያትል ክሪስቲን ኤክል-ማሃንና ዳንኤል ስቶርም ወደ ሞለኪዩሉ ወረዱ። ትዝታ ሲጻፍ ሂፖካምፐስ ውስጥ የሚቀጣጠሉ ኬሚካሎች አሉ። እነሱ ያዩት ነገር ኬሚካሎቹ ትምህርቱ ካለቀ በኋላም በየቀኑ በቋሚ ሰዓት እየተነሡና እየተኙ መቀጠላቸውን ነው። ይህ ዕለታዊ መነሣት ሲስተጓጎል፣ ቀድሞ የተጻፈው የፍርሃት ትዝታ ሳይቀር ይሳሳል። ትዝታ አንድ ጊዜ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ መዝገብ ሳይሆን፣ በየዕለቱ ወጥ እንደሚሞቅ መሞቅ የሚፈልግ ነገር ሆነ።

በዚያው ዓመት የስታንፎርዱ ኖርማን ሩቢ ሃምስተር በተባሉ ጉንጫም የአይጥ ዘመዶች ላይ ሌላ ነገር አሳየ። በመብራት ብቻ፣ ቀዶ ሕክምና ሳይደረግላቸው፣ ሰዓታቸው ትርጉም እስኪያጣ ተዘበራረቀ። ከዚያ አዲስ ዕቃንና የታወቀን መለየት አቃታቸው። ይህ የፍርሃት ፈተና አይደለም፤ ግን ለታሪካችን አስፈላጊ የሆነው በ2014 የመጣው ተከታይ ነው። የተበላሸችው ሰዓት ጭራሽ ስትወገድ ትዝታቸው ተመለሰ! የስቴፋንን የ1978 አይጦች ያስታውሳችኋል? የተሳሳተ ሰዓት ከሚኖር ሰዓት ባይኖር ይሻላል እንደማለት ነው።

ከሁሉም የሚማርከኝ የቶኪዮው ነው። በ2019 ሳቶሺ ኪዳና ባልደረቦቹ የፊተኛው አንጎላቸው ሰዓት በጂን የተሰናከለ አይጦችን አዘጋጁ። አይጦቹ ይማራሉ፤ ትዝታቸውም ይጻፋል። ጠዋት ቢፈተኑ ደህና ናቸው። አመሻሹ ላይ፣ ጨለማው ከመምጣቱ ሁለት ሰዓት በፊት፣ ማለትም በጊዜ ሰጪው ቁጥር አሥር ሰዓት፣ በእኛም አሥር ሰዓት ሲፈተኑ ግን የሚያውቁትን ማውጣት ያቅታቸዋል። የዶፓሚንን መንገድ የሚያነቃቃ መድኃኒት ሲሰጣቸው ግን ማውጣት ቻሉ። ስፒር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት «በሩ ነው የተዘጋው» ያለውን፣ ቶኪዮዎቹ የትኛው ቁልፍ እንደሚከፍተው አሳዩ።

ይህ ሁሉ ለምን ያሳስበኛል? በአንድ ምክንያት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ስለ ፍርሃትና ስለ ትዝታ የተጻፈው አብዛኛው ዕውቀት የተሰበሰበው በሰው የሥራ ሰዓት ነው። ሳይንቲስቱ ቡና ጠጥቶ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይገባል፤ አይጧ በዚያ ሰዓት ሌሊቱን ስትዞር አድራ ልትተኛ ነው። አንዱ ላቦራቶሪ ከምሳ በፊት፣ ሌላው ከምሳ በኋላ ፈትኖ ውጤታቸው ሲለያይ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ንዝረቱ ይከራከራሉ። ሰዓቱን የጻፈ የለም። ብዙ ጽሑፍ ውስጥ ብትፈልጉ የአይጡ ክብደት በግራም አለ፣ የመኖው ስም አለ፣ የሣጥኑ ስፋት በሴንቲ ሜትር አለ፤ ትምህርቱ በስንት ሰዓት እንደተሰጠ ግን የለም። እነዚያ እንስሳት ንዝረቱን ችለው፣ ኋላም ሞተው ያስገኙት ዕውቀት ነው። ይህን ያህል ዋጋ ተከፍሎበት ሰዓቱን ለመጻፍ መስነፍ፣ ልቅም ያለ አማርኛ ብጠቀም፣ ነውር ነው። በ2010 የእንስሳት ምርምር እንዴት ሪፖርት እንደሚደረግ የሚደነግግ መመሪያ ሲወጣ፣ እያንዳንዱ ነገር መቼ፣ በቀኑ በየትኛው ሰዓት እንደተደረገ ይጻፍ የሚል ሐረግ ገባበት። ኬሚን ሣጥኑን ከከፈተ ሃምሳ ሦስት ዓመት አልፎ።

«ለሰውስ?» ማለታችሁ አይቀርም። በተለይ ለፈተና ሌሊቱን ስናነብ አድረን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አዳራሽ ገብተን ሁሉም ነገር ጥርግ ብሎ የጠፋብን፣ ከሰዓት በኋላ ግን መልሱ ሳንጠራው የመጣልን ሰዎች። በዚያ ላይ የአይጥ ጥናት አልጠቅስም፤ እንቅልፍ ማጣት የራሱ ጉዳይ ነው፣ ሰው ደግሞ የቀን ፍጡር ነው። ነገር ግን አንድ የሰው ጥናት ልንገራችሁ። በ2014 ጀርመን ውስጥ ሸረሪት በጣም የሚፈሩ ሰዎች ሕክምና ተሰጣቸው፤ ሕክምናው ቀስ በቀስ ከሸረሪት ጋር መጋፈጥ ነው፤ አንጎል «ሸረሪት ምንም አታደርግም» የሚል አዲስ ትምህርት በአሮጌው ፍርሃት ላይ እንዲጽፍ። ግማሾቹ የታከሙት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ግማሾቹ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ላይ የሰው ኮርቲዞል ከፍ ይላል፤ ማታ ይወርዳል። ጠዋት የታከሙት በኋላ ሲታዩ ፍርሃታቸው የበለጠ ቀንሶ ተገኘ። ሸረሪቱም ሐኪሙም ያው ናቸው። የተለወጠው የቀጠሮው ሰዓት ነው። እናም ዛሬ በጦርነት፣ በስደትና በእስር ያዩት የማይለቃቸውን ሰዎች የሚያክሙ ባለሙያዎች ከመካከላችን አሉና፣ በዚህ ዓመት በዓል ላይ ካገኘኋቸው የምጠይቃቸው ይህንን ነው፦ ቀጠሮ የምትሰጡት በስንት ሰዓት ነው?